የአያ አላምረው ዘገምተኛ ሶኬት

አያ አላምረው የመኪናቸውን ሶኬት ሆን ብለው ያዘገዩታል የሚለው ወሬ መጀመሪያ የተሰማው ጎንደር ውስጥ፣ እትዬ እንኳየሁ ሱቅ በር ላይ ነው። እዚያ በር ላይ የተሰማ ወሬ ደግሞ ምሳ ሳይደርስ አዘዞ ይገባል፣ አመሻሹን ጠዳ ላይ ሻይ ይጠጣል። ወሬው እንዲህ ነበር፦ ሰውዬው ስልክ ቶሎ እንዳይሞላ ያደርጋሉ፤ ይህን የሚያደርጉት ሰው አጠገባቸው እንዲቆይላቸው ነው፤ ሰው እንዲቆይላቸው የፈለጉት ደግሞ ቤታቸው ውስጥ ከእሳቸውና ከግድግዳ ሰዓታቸው በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ ነው።

ሲስተር ኤሌኒ አላመነችም። ኤሌኒ ከደሴ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት፤ ከአያ አላምረው አጥር ጋር የተጣበቀ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ሠላሳ አንድ ዓመት የቤተ ሙከራ ዕቃ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ማፋጠን እንጂ ማዘግየት ከየት ይማራሉ ብላ ተከራከረች። ክርክሯ ግን እትዬ እንኳየሁን ካሳቀ በኋላ እዚያው ሱቅ በር ላይ ቀረ።

በየሰፈሩ አንድ አሻሻይ አለ። የሌለበት ሰፈር ካለ ገና አልተመሠረተም ማለት ነው። አሻሻይ የተበላሸ ነገር አይገርመውም፤ እንቅልፍ የሚነሳው ያልተበላሸው ነው። ሻይ ልትጋብዘው ቤትህ ስትወስደው በርህን ከፈት ዘጋ አድርጎ «ይቺ በር ሸጋ ናት፤ ትንሽ ብትስተካከል ግን...» ይላል። ሲሄድ በርህ ያለ አንዳች ድምፅ ይዘጋል። እስከሚቀጥለው ሳምንት ግን አይከፈትም። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ሊቀ አሻሻያን ቢሾም ኖሮ ካባው ያለ ተቀናቃኝ የአያ አላምረው ነበር።

የእሳቸው የማሻሻል ዘመቻ ያረፈው የቤተሰቡ ሚኒባስ ላይ ነው። ነጭ ሆና ተገዝታ አሁን ቀለሟ የማይለይ፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ወርቅውሃና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር በየበዓሉ አማቶቻቸውን ሊጠይቁ አምባ ጊዮርጊስ ይመላለሱባት የነበረች መኪና ናት። ያኔ ልጆቹ ስልክ ለመሙላት በሲጋራ መለኮሻዋ ቀዳዳ ተራ ይጣሉ ነበር። አባት ነገሩን እንደ ድንበር ጉዳይ ያዙትና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የምትቀይር አንዲት ኢንቨርተር ገዙ። መቶ ሃምሳ ዋት። ሁለት ሶኬት ለሦስት ልጅ ስለሆነ ጠቡ ባሰ። ባለ ሦስት መቶ ዋት ተተካ፤ እያንዳንዱ ልጅም በወንበሩ ጎን የራሱ ሶኬት ተሰነቀረለት።

ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። ግን ልጆቹ ማደጋቸውን አልተዉም። ኪዳነ ማርያም ሀዋሳ ሥራ ያዘ፤ ባለ ስድስት መቶ ዋት ገባ። ፀደንያ አዲስ አበባ አገባች፤ ባለ ሺህ ገባ። ሰፈሩ ሕጉ የገባው በዚህ ጊዜ ነው፦ ሰው በቀነሰ ቁጥር ዋት ይጨምራል። በመጨረሻ ናዝራዊት አዳማ ላይ ወለደች፤ ወይዘሮ ወርቅውሃም «አርባ ቀን ነው፤ ክርስትናውን አስነሥቼ እመለሳለሁ» ብለው አንዲት ቦርሳ ይዘው ሄዱ። ሕፃኑ ክርስትና ተነሣ፣ ዳዴ አለ፣ ታናሽ ተከተለው። አርባው ቀን ይኸው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ባለ ሁለት ሺህ ዋቷ ማሽን የገባችው ያን ጊዜ ነው። ከኋላ ወንበር ሥር ሁለተኛ ባትሪ ተቀበረ፤ እንደ ገበሬ አውራ ጣት የወፈረ ገመድ ተዘረጋ፤ በየወንበሩ ሶኬትና የዩኤስቢ ቀዳዳ ተተክሎ በጠቅላላው አሥራ አንድ ሆነ። አያ አላምረው በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ብቻቸውን ጠዳ ድረስ ነድተው ይመለሳሉ። ለምን ሲባሉ «ባትሪ መንገድ ይወዳል» ነው መልሳቸው።

መብራት የጠፋ ዕለት ግን መኪናዋ ንግሥት ናት። አያ አላምረው የግቢያቸውን በር ወለል አድርገው ከፍተው በሾፌሩ ወንበር ላይ ወደ ኋላ ዞረው ይቀመጣሉ። ሰፈሩ ስልኩን ይዞ ይገባል። ወንበሮቹ ዛሬም በልጆቹ ስም ስለሚጠሩ አቀባበሉ እንግዳ ሰው ያደናግራል።

«ሲስተር፣ አንቺ ፀደንያ ጋ። መሪጌታ፣ እርስዎ ኪዳነ ማርያም ጋ ይሁኑ፤ እዚያ ነፋስ የለም።»

የራስን ቻርጀር መሰካት ክልክል ነው። «ማሽኗ እንግዳ ዕቃ አትወድም» ይላሉ፤ ስልኩን ተቀብለው በራሳቸው ገመድ፣ በራሳቸው ቀዳዳ ይሰኩታል። ከዚያ ከመሪው ሥር ቆሎ ይወጣል። ከቆሎው ጋር ጨዋታ ይወጣል። ከጨዋታው ጋር የሰው ሁሉ ቤተሰብ ተራ በተራ ይጠየቃል። የኤሌኒን እናት የደም ግፊት ከነቁጥሩ የሚያስታውስ ሰው ጎንደር ላይ እሳቸው ብቻ ናቸው። ስልኮቹ ግን ንቅንቅ አይሉም። በሰዓት ዐሥር ፐርሰንት ከሞላ እሰየው ነው። ያጉረመረመ ሰው ካለ መልሱ አንድ ነው፦ «ባትሪን ካጣደፉት ያኮርፋል።»

በጥርጣሬ የመጀመሪያው መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ነበሩ። «እኔ ማሕሌት ቆሜ የማድር ሰው ነኝ» አሉ ሱቁ በር ላይ። «መቋሚያ ይዤ ሌሊቱን እዘልቀዋለሁ። አላምረው መኪና ውስጥ አንድ ፐርሰንት ስጠብቅ ግን ጉልበቴ ይከዳኛል።»

ኤሌኒ የሰውየውን ስም ለማንጻት ቆርጣ አራዳ ገበያ ወረደች። የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጠው ሐምዛ የአሥራ አንዱም ሶኬት ምንጭ ነው።

«ሲስተር፣ እኔ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም» አለ ሐምዛ። ትንሽ አሰበና «ከእትዬ እንኳየሁ በቀር» ሲል ጨመረ።

«ምኑን?»

«አምና ፈጣኖቹን ቀዳዳዎች ሁሉንም ነቅለው በፌስታል አመጡልኝ። ‹ተቃጠሉ እንዴ አያ?› አልኳቸው። ‹ኧረ ሸጋ ናቸው› አሉ። ‹ታዲያ ምነው?› ስላቸው ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹ከነዚህ የሚያዘግም የለህም?›»

«እየቀለዱ ነው?»

«የሚቀልድ ሰው ፊት አልነበረም። ሃያ ዓመት ስሸጥ ‹ፍጥነቱ በዛብኝ› ብሎ ዕቃ የመለሰልኝ የለም። አቧራ የበላውን የድሮውን ዓይነት ከመጋዘን አውጥቼ ሰጠኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ።» ከዚያ ወደ መደርደሪያው ዞረ። «ፓወር ባንክ ልስጥሽ? ሰፈራችሁ በሙሉ ወስዷል። መሪጌታም ትናንት ጥቁሯን ወሰዱ።»

ኤሌኒ እምቢ ማለት ፈልጋ ነበር። ግን በዚያች ቅጽበት ባለፈው ወር ቆሎ እየቆረጠመች ያሳለፈቻቸው ሰዓታት ሁሉ ታወሷትና እንደ መታለል ተሰማት። አንድ ገዛች። ቤቷ ገብታ ሞላችው፣ ስልኳንም በእሱ ሞላች፤ ስልኩ እስኪሞላ አርባ ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ መቶ ፐርሰንት የሞላ ስልኳን ይዛ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። የደወለላት አልነበረም።

ቅዳሜ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የአያ አላምረው የግቢ በር ወለል ብሎ ሲከፈት ተሰማ። ኤሌኒ በመስኮት አየች። ሰውየው ወንበሮቹን በጨርቅ ጠረጉ። በየወንበሩ ጎን ገመድ ዘረጉ። ቆሎውን በሳህን አቀረቡና በሾፌሩ ወንበር ላይ ወደ ኋላ ዞረው ተቀመጡ። ባዶዎቹን ወንበሮች እያዩ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው የግቢውን በር አዩ፤ ምናልባት በደንብ አልተከፈተ ይሆናል ብለው የበለጠ ከፈቱት። ተመልሰው ተቀመጡ።

በመንገዱ ላይ ሰው ያልፋል፤ እግሩን ሳይገታ ያልፋል። ሁሉም ኪሱ ውስጥ የየራሱ መብራት አለው። አያ አላምረው የሚያልፈውን ሁሉ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይላሉ፤ ማንንም ና ግባ አይሉም። በመጨረሻ ከሳህኑ አንድ ፍሬ ቆሎ አነሡ፤ መልሰው አስቀመጡት።

ኤሌኒ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሳትታዘዝ ፀደንያ ጋ ተቀመጠች።

«ስልክሽ ምነው? ወረደ እንዴ?» አሉ አያ አላምረው።

«አዎ፣ አያ። ዐሥራ ሁለት ፐርሰንት ቀርቶታል።»

ስልኳን ተቀበሏት። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና የስልኩን መስታወት አዩት። ዘጠና ስምንት ይላል። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ኧረ ክፉኛ ወርዷል» አሉ በመጨረሻ። «ይቆያል ይሄ።» ሰኩትና ቆሎውን አቀረቡላት። «እናትሽ እንዴት ናቸው? ያ መቶ ስልሳው ወረደላቸው?»

የእናትየውን ግፊት ገና አውርደው ሳይጨርሱ በሩ ላይ የጥምጥም ጥላ ታየ። መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ናቸው፤ ጥቁሯን ፓወር ባንክ እንደ ታመመ ጫጩት በሁለት እጃቸው ይዘዋታል።

«አላምረው፣ ይቺ ነገር ሞተች።»

«ሲገዟት ሞልተዋት ነበር?»

መሪጌታ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። ለካ ሰፈሩ በሙሉ ስልክ የሚሞላውን ዕቃ ሲገዛ ዕቃው ራሱ መሞላት እንዳለበት ያስታወሰ ጥቂት ነው። ሱቅ ውስጥ በነበራት ሽርፍራፊ ጉልበት ሁለት ቀን አገልግላ አረፈች። አያ አላምረው ዕቃዋን ገለበጥ አድርገው ጀርባዋ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አነበቡ። ፊታቸው ላይ በዓል የዋለ ይመስል ነበር።

«ዐሥር ሺህ ትይዛለች» አሉ ድምፃቸውን ለመግታት እየታገሉ። «በኔ ሶኬት... ሃያ ሰዓት። ምናልባትም ሃያ አንድ።»

«ሃያ ሰዓት?»

«ኪዳነ ማርያም ጋ ይሁኑ፤ እዚያ ነፋስ የለም።»

ቀጥሎ የእትዬ እንኳየሁ ቀይ ፓወር ባንክ ከነባለቤቷ መጣች። እትዬ እንኳየሁ ናዝራዊት ጋ ተመሩ፤ ወሬ የጀመሩት እሳቸው እንደሆኑ የሚያውቅ ሁሉ መስኮት መስኮቱን አየ። ሌላውም ሰፈርተኛ እየተከተለ ገብቶ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከፊተኛው የወይዘሮ ወርቅውሃ ወንበር በቀር ባዶ የቀረ አልነበረም። ቆሎው ሁለት ጊዜ ተጨመረ። መሪጌታ እንደ ፈጣን ፈረስ የሚሮጥ የዱሮ ታሪክ ጀምረው ስምንት ቦታ ላይ አቆሙት፤ ማንም አላጣደፋቸውም።

ድንገት ከመንገዱ ማዶ የሱቁ አምፖል ቦግ አለ። መብራት መጣ። አምፖሉን ሁሉም አየው። ኤሌኒ እትዬ እንኳየሁን አየች፣ እትዬ እንኳየሁ መሪጌታን አዩ፣ መሪጌታ ቆሎውን አዩ። የተነሣ ሰው አልነበረም።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አላምረው፣ እውነት ተናገር። ሶኬቱን ሆን ብሎ ያዘገየዋል፣ ብቸኝነት አስቸግሮት ነው፣ ቤቱ ጭር ብሎበት ነው ይሉሃል።»

አያ አላምረው የኤሌኒን ስልክ ከሶኬቱ ነቅለው አዩ፤ መቶ ፐርሰንት። መልሰው ሰኩት።

«ውሸት ነው» አሉ። «ሶኬቱም ዘገምተኛ አይደለም፤ ቤቱም ጭር ብሎ አያውቅም፤ እኔም ብሆን አንድ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።»