ድምፅ አልባው ለፍላፊ

በየሰፈሩ አንድ አፉ የማይከደን ሰው አይጠፋም። የእኛ የቶሪኖ ሰፈር ግን ጉደኛ ነው፤ የእኛው ለፍላፊ እንጀራቸው ዝምታ ነው። ክቡር ኤቫሪስቶ ቦንፋንቲኒ የድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያን ናቸው።

በምንኖርበት ፎቅ ደረጃ ላይ ያገኙትን ሰው ሾርባው ካልቀዘቀዘ አይለቁትም። «ባጭሩ ልንገርህ» ካሉ እራት አለፈ ማለት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ኮቴያቸውን ሲሰማ በሩን ይቀረቅራል። እኔ ኮቴ አልሰማም፤ በልጅነቴ ትኩሳት ጆሮዬን ወስዶታል፤ የሰውን ወሬ የምከታተለው ከከንፈሩ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የምያዘው እኔ ነኝ።

ታዲያ ክቡርነታቸው ካሜራ ፊትም አያርፉም። አንዱ ፊልም ላይ ተንበርክከው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ የፍቅረኛቸውን እጅ ይስማሉ። አዳራሹ በሙሉ መሐረብ አውጥቷል። ከንፈራቸው ግን፣ «ኦታቪያ፣ በእመቤቴ ይሁንብሽ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ዛሬ እንኳ ብትተዪው ምን ነበረበት?» ይላል። ፊት ረድፍ ላይ የነበርነው እኔና መስማት የተሳናቸው ጓደኞቼ በሳቅ ፈረስን።

ሳቃችን ጣጣ አመጣባቸው። የፊልሙ ባለቤት ሲኞር ጋሌሲዮ ነገሩን ደረሰበትና፣ «አንተ ለፍላፊ! ከእንግዲህ የተጻፈልህን ብቻ ነው የምትናገረው! ያ ረድፍ አለቦታው ከሳቀ ግን ወደ አባትህ ሥጋ ቤት ትመለሳታለህ!» ብሎ አምባረቀባቸው።

ደረጃው ላይ አንገታቸውን ደፍተው አገኘኋቸው።

«የሰው ቃል አፌ ውስጥ አልዞር ይለኛል፣ ወንድሜ። ያኔ ፊቴም አብሮ ይሞታል።»

«እርስዎ ይልፈልፉ፣ ሲኞር ኤቫሪስቶ። የማንስቀው እኛ ነን» አልኳቸውና ጓደኞቼን አስማልኩ።

አዲሱ ፊልም የታየ ዕለት ጋሌሲዮ ራሱ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ክቡርነታቸው ለታመመች እናታቸው ዶሮ ሰርቀው፣ ዳኛ ፊት ተንበርክከው ምሕረት ይለምናሉ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጧል። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው፣ ፊታቸውን ወደ እኛ መለስ አድርገው፣ «የዳኛውን ጢም እዩልኝ! ሙጫው ለቆ አፉ ሊገባ ነው! ብቻ እንዳትስቁ፣ ጉድ እንዳታደርጉኝ!» አሉ።

ጓደኛዬ ሎሬንሳ ሻርፗን ነከሰች። እኔ ጭኔን ቆነጠጥኩ፤ ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ፣ እንባዬ ወረደ። እውነቱን ለመናገር ሁሉም የሳቅ እንባ አልነበረም። እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ፤ ያለ እሳቸው ሲኒማ ቤቱ ለእኛ ጨለማ ክፍል ብቻ ነበር።

ጋሌሲዮ የረድፋችንን እንባ አየና በኩራት ጎሸም አደረገኝ።

«አየህ?» አለኝ። «የተጻፈለትን ብቻ ሲናገር እንዴት ያስለቅሳል!»