ሳትሄድብን በምን እንክሰሳት?

ወደ መተማ የተመደበ ሐኪም ሻንጣውን ቶሎ አይፈታም። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝና ስንቱን ሻንጣ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቼዋለሁ መሰላችሁ! ሙቀቱንና ወባውን ፈርተው ነው ትሉኝ ይሆናል። እሱስ ይለመዳል፤ እኔን አታዩም? ዋናው ፍርሃት ክስ ነው። ትልቅ ከተማ ያለ ሐኪም ሲጨንቀው ሌላ ሐኪም ይጠራል። እዚህ ሲጨንቀው ማንን ይጥራ? እኔን? እኔ የማውቀው ወባ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። እናም ብቻውን ይወስናል፣ ከከፋም ብቻውን ይከሰሳል። አንዴ ከተከሰሰ ደግሞ ጉዳዩ እስኪዘጋ ድረስ ሌላ ቦታ የሚቀጥረው አያገኝም።

የኛው ዶክተር ኤርሚያስም የገጠመው ይኸው ነው። ሙላት የሚባል የትራክተር ሹፌር ምጥ የጠናባትን ሚስቱን አለምነሽን ከሰሊጥ እርሻው፣ በዚያ የክረምት ጭቃ፣ በትራክተር ጭኖ አመጣት። ዶክተሩ እሷን አተረፋት፤ ሕፃኑ ግን ከመድረሳቸው በፊት ሆዷ ውስጥ ሞቶ ነበር። ሐዘን የሚጣላው ሰው አያጣም። ሙላት "በሕክምና ስህተት ነው" ብሎ ከሰሰ፤ ክሱም ለሚመረምረው ኮሚቴ ተልኮ እዚያው ተኛ።

ዓመት አለፈ። ዶክተሩ ጎንደር ባለ የግል ሆስፒታል ሥራ አገኘ። እናቱ እዚያው ብቻቸውን ታመው ተኝተዋል፤ ልጁ ሊደርስላቸው ቸኩሏል። ሆስፒታሉ ግን "ክስ እንደሌለብህ ማስረጃ አምጣ" አለው። ከየት ያምጣ? ሽማግሌ ሰበሰብንና ሙላትን ከሆስፒታላችን ግቢ ኒም ዛፍ ሥር አስቀምጠን ለመንነው።

"ይቅርማ ካልኩት ቆየሁ" አለ ሙላት፣ ቆቡን እያሻሸ።

"ታዲያ ክሱን አንሣለታ!" አሉ ሽማግሌው አባ ደጉ።

"እርስዎ ይፍረዱኝ አባ፤ ላንሣለትና ይሂድ? አለምነሽ እኮ ሰባት ወሯ ነው! ማን ሊያዋልድልኝ?"

ወይ ጉድ! ልስቅ ስል የዶክተሩን ፊት አየሁና ተውኩት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ዓመቱን ሙሉ ጠላኝ እያለ ሲሸሸው የከረመው ሰው ለካ ከሱ ሌላ የሚያምነው የለውም!

"አንሣልኝ ሙላት" አለው። "እስክትወልድ አልሄድም።"

ሙላት በማግስቱ ክሱን አነሣ። ዶክተሩም ጎንደር ያሉትን እንዲጠብቁት ለመነ፤ እናቱንም በስልክ "ትንሽ ታገሺኝ፣ እመጣለሁ" አላቸው። አለምነሽ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ዶክተሩ የሄደ ዕለት ሙላት ሕፃኗን ታቅፎ መናኸሪያ ድረስ ሸኘው። አውቶቡሱ ሲነሣ ሕፃኗ ተኝታለች፤ የሚያለቅሰው አባትዬው ነበር። እኔም አቧራ ዓይኔ ገባ ብዬ ዞር አልኩ።

አሁን አዲስ ዶክተር መጥታልናለች። ሻንጣዋን ገና አልፈታችም። ትናንት አንድ የሰሊጥ ገበሬ ላቦራቶሪ ድረስ መጣና ግራ ቀኙን አይቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት። አዲሷ ዶክተር ጎበዝ ናት ይላሉ፤ እውነት ነው?"

"እውነት ነው" አልኩት።

"እንግዲያው ሳትሄድብን በምን እንክሰሳት?"