የአያ ክንፈሚካኤል ሕግ

መንግሥት ያልሾመው ዳኛ የሌለው ከተማ የለም። የፍኖተ ሰላሙ የእኔው ጎረቤት አያ ክንፈሚካኤል ናቸው። ችሎት የሚያስችሉት በባጃጅ፣ በለቅሶ ቤትና በጠላ ቤት ነው። ይግባኝ የሚባል ነገር አያውቁም።

ሕጋቸው አንዲት ናት፤ «ሦስቴ የሰረቀ ተቆልፎበት ቁልፉ ይጣል!» ዳኛ ግራ ቀኙን ሲያይ፣ ቅጣት ማቅለያ ሲፈልግ ያንገበግባቸዋል። «ማመዛዘን ለእህል ነጋዴ ነው፤ ዳኛ ቆጥሮ ይፍረድ!» ይላሉ። አንድ የተዝካር ቀን ቄሱ ስለ ኃጢአት ስርየት ሲያስተምሩ፣ «አባቴ፣ ሦስተኛውም ይሠረያል?» ብለው ጠየቁ። ቄሱ «ሰባ ጊዜ ሰባት» ሲሏቸው በቁጥሩ ብዛት ደንግጠው ጠላቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

የገዛ ዶሯቸው እንኳ የጎረቤት ቃሪያ ስትጭር ለሦስተኛ ጊዜ ስለተያዘች ታርዳለች። ባለቤታቸው እማማ አደይ «ሕጉ ከእንቁላል አፋታን» እያሉ እስከ ዛሬ ያማርራሉ።

ዓምና በበጋው የራሳቸው የአያ ክንፈሚካኤል በግ ጠፋ። የተገኘው ቡሬ ገበያ፣ በተስፋው እጅ ነው። ተስፋው ሁለት ጊዜ በበግ ስርቆት ታስሮ የወጣ የሰፈራችን ልጅ ነው። ከተማው ሁሉ «በቃ፣ አለቀለት» አለ።

ከቡሬ ሲመለሱ የያዘው ፖሊስ፣ ተስፋው፣ በጉና በጋቸውን ሊለዩ የሄዱት አያ ክንፈሚካኤል በአንድ ሚኒባስ ተሳፈሩ። እሳቸውም መንገዱን ሙሉ ሕጋቸውን አብራሩለት። ተስፋው አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ፤ ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው የሰማቸው ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«እውነትዎን ነው፣ አያ» አላቸው ሲጨርሱ። «እስር ቤት አናጢነት ተምሬ ነበር። እንደወጣሁ ሥራ ፍለጋ እርስዎም ደጅ መጥቼ ‹ሌባ ደጄን አይርገጥ› ብለው መለሱኝ። እኔም ሰረቅሁ። እውነትዎን ነው።»

አያ ክንፈሚካኤል እስከ ፍኖተ ሰላም ቃል አልወጣቸውም። ፖሊሱ ይህን እንደ ተአምር ያወራዋል።

በችሎቱ ዕለት ዐቃቤ ሕጉ ተከሳሹ ደጋጋሚ ነውና ቅጣቱ ይክበድ አለ። ዳኛዋ የግል ተበዳዩ የሚሉት ካለ ጠየቁ። አዳራሹን የሞላነው ሁሉ የሚሉትን የምናውቅ መስሎን ነበር። አያ ክንፈሚካኤል ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ክብርት ዳኛ፣ ሦስተኛው ነው፤ አልክድም። በዚህ በሦስተኛው ግን እኔም አለሁበት፤ በር ዘግቼበታለሁ። ይቅለልለት። ሲወጣ የበረቴን በር እሱ ይሥራልኝ።»

ዳኛዋም ሕጉ ከሚፈቅደው ዝቅተኛውን ፈረዱ። ሁለት እስር ሳያለቅስ ያሳለፈው ተስፋው ያን ቀን አለቀሰ።

ባለፈው እሑድ በማረሚያ ቤቱ ደጅ ሳልፍ አያ ክንፈሚካኤልን አየኋቸው። ዝናብ አበስብሷቸው፣ እማማ አደይ ለተስፋው የቋጠሩትን ስንቅ ታቅፈው ከጥበቃው ጋር ይሟገታሉ።

«አባቴ፣ የመጠየቂያ ሰዓት አልፏል፤ ደንብ ነው» ይላቸዋል።

«ደንቡን አውቃለሁ፣ ልጄ። እስቲ ዝናቡን እይ፣ ሽምግልናዬን እይ! ልጁ ይጠብቀኛል፤ ለዛሬ ብቻ አሳልፈኝ!»

ስንት ዘመን ክርክራቸውን ፈርቼ መንገድ ስቀይር የኖርሁ ሰው፣ ጃንጥላዬን ወደ እሳቸው አዘንብዬ ከጎናቸው ቆምሁና አብሬ መለመን ጀመርሁ። ጥበቃው ሁለታችንን አየና ሳቀ፤ በሩንም ገርበብ አደረገልን።