መደርደሪያ ላይ የተለካው ዝናብ

ድሮ ዝናብ ጅማ ላይ እንዳሻው ይዘንብ ነበር። ይህ ሥርዓት አልበኝነት ያበቃው፣ ስሙን ልንጠቅሰው በማንደፍረው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ «የጎርፍ ውሃ አወራረድና የቦይ ዲዛይን ስታንዳርድ አሻሻይ ዐቢይ ኮሚቴ» የተቋቋመ ዕለት ነው።

ኮሚቴው ሥራውን በሳይንስ ለመጀመር አንድ የዝናብ መለኪያ አስመጣ። ሜዳ ላይ ቆሞ የወረደበትን ውሃ የሚይዝ ቆርቆሮ ነገር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ይነበባል። የቡ ከተማ ላይ የተተከለው አቻው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ገበያ ውስጥ ቡና ሲሰፈርበት ተገኝቷል። ስለዚህ የጅማው፣ የመንግሥት ንብረት እንደመሆኑ መጠን፣ ቁጥር ተለጥፎበት ግምጃ ቤት መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥና በሩ እንዲቆለፍ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ መለኪያውን ሌባም ዝናብም አልነካው።

ቁልፉ ለታመነ ተሰጠ። ታመነ ከደቡብ መጥቶ ሃያ ሦስት ዓመት የጅማን ቦይ የቆፈረ፣ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ ቂሙን ግን ያላቋረጠ ሰው ነው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት በቾ ቦሬ ሰፈር፣ ከቤቱ በላይ ያለው ቦይ ሲቀየስ፣ «ውሃው እዚህ ጋ ይታጠፋል፤ ቦዩ ሰፋ ይበል» ብሎ ነበር። ያኔ ጢሙ በወጉ ያልበቀለው፣ ዛሬ የኮሚቴው ሰብሳቢ የሆነው ኢንጂነር ፋሂም፣ «አንተ፣ ስንተኛ ክፍል ነህ?» አለው። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ታመነ ያቺን ሳቅ አንድም ሳይጎድልባት እስከ ዛሬ አስቀምጧታል፤ ለግምጃ ቤት የታጨውም በዚሁ ችሎታው ሳይሆን አይቀርም።

«ኢንጂነር፣ ይሄ እኮ ጣሪያ ሥር ነው» አለ በመጀመሪያው ቀን።

«አንተ ያየኸውን ጻፍ። ማሰብ የኛ ሥራ ነው።»

«ያየሁትን ብቻ?»

«ያየኸውን ብቻ። ፈርምበት።»

ታመነ ወደ መለኪያው ውስጥ አይቶ ዜሮ ጻፈ። ቆርቆሮ ጣሪያው በዶፍ እየተደበደበ፣ ሰው ከሰው ለመሰማማት መጮህ ሲኖርበት፣ ዜሮ። ደስ እያለው ነበር የሚጽፈው። አንድ ቀን መዝገቡ በሰው ፊት ይገለጣል፤ ያኔ ማን ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ይታያል እያለ ሦስት ክረምት ሙሉ ዜሮውን በሚያምር ጽሕፈት ደረደረው።

«ብትነግራቸው ምናለ?» ትለዋለች ሚስቱ አጸደ። «ቦዩ ከኛ ራስ በላይ ነው። ቸርች ይቅር ተባባሉ ሲባል ከሁሉ በላይ ጮኸህ አሜን የምትለው አንተ።»

«ነግሬያቸዋለሁ። አንዴ።»

መዝገቡ በጥር ወር፣ በትልቅ አዳራሽ ተገለጠ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ እርስ በርሱ ያልተጋጨ መረጃ» አለ ኢንጂነር ፋሂም፣ ድምፁ በስሜት እየተቆራረጠ። ተጨበጨበ። በሃምሳ ዓመት አንዴ ይመጣል የሚባለው ከባድ ዝናብ ሲሰላ ዜሮ ሆነ። ኮሚቴው ግን ለሕዝቡ ካለው ተቆርቋሪነት የተነሣ፣ ለማንኛውም ተብሎ፣ አርባ ሳንቲሜትር ቦይ ፈቀደ። አንድ ሜትር የነበረው የበቾ ቦሬው ቦይ ጠቦ ለሌላው ሞዴል እንዲሆን ታጨ።

የሄርማታ ገበያው ነጋዴ ሐጂ ሸኩር እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ኩን ማሊ? ይሄ ምንድነው? ዜሮ ማለት ምን ማለት ነው? አምና ውሃው ሱቄ ገብቶ እዚህ ደርሷል» ብለው ጉልበታቸውን ነኩ።

«ሐጂ፣ የእርስዎ የቃል መረጃ ነው። የኛ የተፈረመበት ነው።»

«ወላሂ ጉልበቴም ፈርሟል። ቁርጥማቱን ላሳይህ?»

አዳራሹ ሳቀ። ታመነ ከኋላ ወንበር ብድግ አለ። ሰዓቱ ደርሷል። አፉን ሲከፍት ግን ኢንጂነሩ አይቶት ቀደመው። «ይህን መረጃ የሰበሰቡልን አቶ ታመነ እነሆ። ወደ መድረክ ይምጡልን።» ከዚያም በሰው ፊት ጨብጦት፣ በፍሬም የተደረገ የምስክር ወረቀት ሰጠው።

ታመነ የተከፈተ አፉን «አመሰግናለሁ» ብሎበት ዘጋው።

ቦዩ በጀት ሳይዘጋ፣ በሰኔ፣ አርባ ሳንቲሜትር ሆኖ ተመረቀ። ሐምሌ በገባ በሳምንቱ፣ ከቀትር በኋላ፣ ስታንዳርዱን ያላነበበ ውሃ መጣ። ታመነ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ይታጠፋል ካለበት ቦታ አንድ ክንድ ሳይዛነፍ ታጠፈና የቤቱን የጭቃ ግድግዳ ይዞ ገባ። አጸደ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ተረፈች። ከቤት ዕቃው ሁሉ ቀድሞ ተንሳፎ የወጣው ፍሬሙ ነው።

«ስምንተኛ ክፍል ልክ ነበር» አለችው ከጠረጴዛው ላይ ሆና። «አሁን ደስ አለህ?»

በማግስቱ ታመነ ግድግዳው እንዲሠራለት፣ ቦዩም እንዲሰፋ ማመልከቻ ይዞ ቢሮ ገባ። ልብሱ ገና አልደረቀም። ኢንጂነሩ አነበበው።

«‘ከባድ ዝናብ’ ትላለህ። ስንት ሆነ?»

«ኢንጂነር፣ ቤቴ የለም እኮ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። የትናንቱን ንባብ አልሞላህም። ሞልተህ ና፣ እናያለን።»

ታመነ ግምጃ ቤቱን ከፈተ። ወለሉ ላይ ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ተኝቷል። መለኪያው መደርደሪያው ላይ ደርቆ ቆሟል። ወደ ውስጡ አየ። እውነቱን ቢጽፍ የሦስቱን ክረምት ዜሮ ምን ሊለው ነው?

ያየውን ጻፈ። ፈረመ። ከእጅጌው የተንጠባጠበ ውሃ ዜሮውን አጨማለቀው።

«ይሄንን በንጹሕ ገልብጠው» አለ ኢንጂነሩ መዝገቡን አይቶ። «መዝገብ ርጥበት አይወድም።»

ታመነ ገለበጠው። መልሱን በማግስቱ ማመልከቻው ጀርባ ላይ፣ ከማኅተም ጋር አገኘው፤ «በተጠቀሰው ዕለት ዝናብ እንዳልነበረ አመልካቹ ራሱ ፈርሟል።»