ዲጋ የገባው የኮምፓስ ቤት

ባሕር በሌለበት አገር የመርከብ ዕቃ ሳሎኑ ውስጥ ያቆመ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። የወለጋ ዲጋው ኦቦ ገመቹ ምጽዋ በመርከበኛነት አገልግለው ሲመለሱ፣ ካረጀ መርከብ ላይ የተነቀለ የኮምፓስ ቤት ይዘው መጡ። ወገብ የሚደርስ፣ የናስ ክዳን ያለው የእንጨት ዐምድ ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ የብረት ኳስ ተሰክቶበታል። ከተማው ሳቀባቸው። እኔም ስቄያለሁ፤ ምን እዋሻለሁ?

አንድ ቀን የመንግሥት ቀያሽ በአዴ ጫልቱና በአንድ ባላባት መሬት መካከል ያለውን ወሰን ሊለካ መጣና የራሱን ኮምፓስ መኪናው አፍንጫ ላይ አስቀምጦ፣ የአዴ ጫልቱን የቡና ማሳ ወደ ባላባቱ መሬት ከለለው።

ጎረቤቷ ኦቦ ገመቹ ፊቱ ቆሙ። «ጌታዬ፣ ከመኪናው ይራቁ። ብረት መርፌውን ያሳስታል።»

«አንተ ማን ነህና ነው እኔን የምታርመኝ?»

«መርከብም ብረት ነው። የኮምፓሱ ቤት ላይ ኳስ የምንሰካው መርፌው በመርከቡ ብረት እንዳይሳሳት ነው። እርስዎ ግን በእግርዎ መራቅ ይችላሉ።»

«አልርቅም!»

ኦቦ ገመቹ ቀያሹ ያስተከለውን የወሰን ችካል አቅፈው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሁለት ዘበኞች ቢጎትቷቸውም አልለቀቁም። ቀያሹ ሊያሳፍራቸው ብሎ ኮምፓሱን ይዞ ቡናው መሀል ገባ። መርፌው ዞረ፤ ማሳው የአዴ ጫልቱ ሆነ።

ቀያሹ ላቡን እየጠረገ፣ «አባቴ፣ እባክዎ ችካሉን ይልቀቁልኝ፤ ቦታው ላይ ልትከለው» አለ።

«መጀመሪያ አዴ ጫልቱን ይቅርታ ይጠይቁ።»

ሕዝብ ፊት ጠየቃት።