እምቢ የማትለው ናሙና

ዕውቀት እንደ ዝናብ ከሰማይ አይወርድም። ትምህርት ክፍል ተቋቁሞለት፣ ማኅተም ተቀርጾለት፣ ኃላፊ ተሹሞለት ነው የሚመጣው። ይህን እውነት የኮሌጃችንን የጉርምስና ሥነ ልቦናና እድገት ትምህርት ክፍል ያህል አጥብቆ የያዘ የለም። ክፍላችን አንድ ቢሮ፣ ከመምህራኑ ቁጥር ያነሱ ወንበሮችና አንድ ንቅንቅ የማይል ንድፈ ሐሳብ አለው። ንድፈ ሐሳቡ የኃላፊያችን የዶክተሩ ነው፤ ጉርምስና ማዕበል ነው ይላል። ጎረምሳም ሆነ ኮረዳ ሳይቆጣ፣ ሳያኮርፍ፣ በር ጓ አድርጎ ሳይዘጋ አያድግም። ይህን ሳያሳይ ያደገ ካለ፣ አላደገም ማለት ነው። ዶክተሩ ነገሩን በየንግግራቸው ስለሚያነሡት ተማሪዎቹ በክብር «ማዕበሉ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል፤ እሳቸው ባሉበት ባይጠሩበትም።

ለዚህ ሁሉ ሊቅነታችን የጎደለን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጎረምሳ።

እርግጥ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቻችን ብጉራቸው ገና ከፊታቸው አልጠፋም። ሆኖም የኮሌጁ ደንብ በበሩ የገባ ሁሉ በሳል ሰው ነው ስለሚል፣ ጉርምስናቸውን ጥበቃው ዘንድ አስቀምጠው ነው የሚገቡት። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር የማይጠፋ፣ ጓደኞቹ «ጠበቃው» የሚሉት ተማሪ እጁን አወጣና፣ እሱ ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ ስለሆነ የሚማረውን በራሱ ላይ ቢሞክረው ልክ እንዳልመጣለት ተናገረ። ዶክተሩ በትዕግሥት አዳመጡት። ከዚያም አስተያየቱ ራሱ የማዕበሉ ምልክት መሆኑን ለክፍሉ አስረዱ። ተማሪዎቹ ጻፉ። ጠበቃውም ጻፈ፤ ፈተና ላይ ይመጣላ።

እኔ በክፍሉ ጀማሪ መምህር ነኝ። ሩቅ አገር ተምሬ በተመለስኩ ሰሞን፣ ጎረምሶችን ለማወቅ አንዳንዶቹን ቀርቦ ማነጋገር ሳይጠቅም አይቀርም ብዬ ስብሰባ ላይ ተናግሬ ነበር። ዶክተሩ አዘኑልኝ።

«ወንድሜ፣ ድንጋይ የሚያጠና ሰው ድንጋዩን ያናግረዋል?»

ያናግረዋል የሚል መረጃ ስላልነበረኝ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የከረረው የዕውቅና ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው ሲባል ነው። በአዲሱ መመሪያ መሠረት እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል የሚያስተምረውን ነገር በተግባር ማሳየት አለበት። የዕፅዋት ክፍል አትክልት ቦታ አለው፤ የእንስሳት ክፍል ዶሮ ያረባል። እኛ «ሕያው ናሙና» ካላቀረብን ክፍሉ ይዘጋል፣ መምህራኑም ቤተ መጻሕፍት ገብተን አቧራ እናራግፋለን። ዶክተሩ በአቅራቢያችን ያለውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ጎረምሳ እንዲያውሰን ጠየቁ። ርዕሰ መምህሩ ተማሪ አናውስም፣ ብናውስም በደኅና አትመልሱልንም ብለው መለሱ። በዚህ ጊዜ የሁላችንም ዓይን በዶክተሩ አንዲት ልጅ ላይ ዐረፈ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እዚያው ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ናት። ትምህርት መሥዋዕትነት ይጠይቃል፤ የእሷ ትምህርት እንዲሠዋ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

እናም ጠዋት ጠዋት፣ እኩዮቿ ሒሳብ ሲማሩ፣ እሷ ከሰሌዳው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የምትጠና ሆነች። ማዕበሉ ግን ዘገየ። ልጅቱ ስትገባ እንደምን አደራችሁ ትላለች። ጠመኔ ሲወድቅ ታነሣለች። አባቷ ሊያናድዷት ፈልገው ፀጉርሽ መጥረጊያ መስሏል ሲሏት፣ እውነትህን ነው አባዬ፣ ዛሬ አላበጠርኩትም አለች። ስልኳን በተማሪዎቹ ፊት ነጠቋት።

«እሺ አባዬ፣ እግረ መንገድህን ቻርጅ አድርግልኝ» አለቻቸው።

ደካማ ምሁር ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ንድፈ ሐሳቡን ይጠራጠር ነበር። ዶክተራችን ግን ልጅቱን ተጠራጠሩ። ወዲያውም «ድምፅ አልባ ማዕበል» የሚባል አዲስ ምዕራፍ ጻፉ። እንደ ምዕራፉ ከሆነ ጎረምሳ ከተቆጣ ማዕበል አለ፤ ካልተቆጣም ማዕበሉ ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው።

የዶክተሩ ባለቤት ልብስ ሰፊ ናቸው። የመምህራኑን ሱሪ የሚያሳጥሩት እሳቸው ስለሆኑ የዚያ ቤት ወሬ ከሱሪያችን ጋር ተተኩሶ ይደርሰናል። አንድ ምሽት ርዕሰ መምህሩ ደውለውላቸው፣ ልጅቱ በዚህ ዓይነት ከቀረች ለዓመቱ መጨረሻ ፈተና እንደማትቀመጥ፣ ክፍሉንም እንደምትደግም ነገሯቸው። እሳቸውም የስፌት መኪናውን አቁመው ወደ ባላቸው ዞሩ።

«አንተ ሰው፣ ልጅቷ ልትወድቅ ነው እኮ።»

«ብትወድቅ ምን አለ? መውደቅም ምልክት ነው።»

«አንተስ የምን ምልክት ነህ?»

ዶክተሩ ጥያቄው ከትምህርት ክፍሉ ሥልጣን ውጭ መሆኑን አስታወቁ። ልጅቱ ግን በሩ ሥር ቆማ ሁሉንም ሰምታ ነበር። በማግሥቱ ወደ አባቷ ገብታ፣ ፈተናው እንዳያመልጣት መፍራቷን ነግራ፣ ወደ ክፍሏ ለመመለስ ምን ማድረግ እንዳለባት በትሕትና ጠየቀች። አባቷ ደስ አላቸው። ገምጋሚዎቹ በሚመጡበት ቀን በደንብ ካመፀችላቸው፣ ያኔውኑ ወደ ትምህርቷ እንደምትመለስ ቃል ገቡላት። ልምምዱም ሳሎን ውስጥ ተጀመረ።

«እምቢ በይ።»

«እሺ አባዬ።»

«እሺ አይደለም። እምቢ።»

«እሺ፣ እምቢ።»

እናቲቱ እንደሚሉት፣ ልጅቱ ለትምህርቷ ስትል የምትችለውን ሁሉ አደረገች። በር ጓ እንድታደርግ ስትታዘዝ፣ ጎረቤት የሚተኛ ሕፃን አለ ብላ ቀስ አድርጋ ጓ አደረገች። አኩርፊ ስትባል፣ እስከ ስንት ሰዓት ነው የማኮርፈው፣ የቤት ሥራ አለብኝ አለች። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እሺ ላለ ምን እንደሚመክረው አበው ሳይነግሩን አልፈዋል።

ቀኑ ደረሰ። ሦስት ገምጋሚዎች ከፊት ወንበር ተቀመጡ። መሪያቸው መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ብዙ የማይናገሩ አሮጊት ነበሩ። ዶክተሩ ሙሉ ልብስ ለብሰው ንግግር አደረጉ። ክፍላችን ከዘመኑ ጋር እኩል እየተራመደ፣ አንዳንዴም ዘመኑን ቆሞ እየጠበቀ መሆኑን ገለጹ። ጎረምሳ ራሱን መግዛት ስለማይችል ራሳቸውን የሚገዙ ምሁራን እንደሚያስፈልጉት አብራሩ። ከዚያ ወደ በርጩማው ዞሩ።

«ልጄ፣ ሰሌዳውን ጥረጊ።»

እንደ ልምምዱ ቢሆን ዳስተሩን ወርውራ፣ እምቢ ብላ፣ በሩን ጓ አድርጋ ትወጣለች። ልጅቱ ተነሣች። ዳስተሩን ያዘች። 

«አባዬ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አለች። «ሰሌዳውን እጠርጋለሁ። ግን አልቆጣም፣ ዳስተርም አልወረውርም። ያልተቆጣሁትን ተቆጥቻለሁ ብዬ እነዚህን ትልልቅ ሰዎች አልዋሽም።»

«ያልኩሽን አድርጊ» አሉ ዶክተሩ በጥርሳቸው መካከል። «አምፂ ብያለሁ።»

«እምቢ።»

ይህን ያለችው ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነው። ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ጠረገች፣ እጇን አራገፈች፣ የደብተር ቦርሳዋን አነገተች፣ ለገምጋሚዎቹ እጅ ነሥታ ወጣች። በሩን ስትዘጋው ድምፅ አልነበረውም።

ዶክተሩ ደም መሰሉ። በርጩማውን በእርግጫ አሉት። ከቤት እስከ ቢሮ ሁሉም እንዳሤረባቸው፣ ማንም እንደማይረዳቸው፣ ይህ ሁሉ ዓይን የሚያፈጥባቸው ምን አድርገው እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ ጠየቁ። ከዚያም በሩን ጓ አድርገው ወጡ፤ ከኮርኒሱ አቧራ ረገፈ። ወዲያው ክፍለ ጊዜው የራሳቸው መሆኑ ትዝ ሳይላቸው አልቀረም፣ ተመልሰው ጥግ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። ውኃ ባቀርብላቸው በክርናቸው ገፉት።

አሮጊቷ ገምጋሚ መነጽራቸውን አደረጉ።

«እንግዲህ ልጆቼ፣ ያያችሁትን ንገሩኝ።»

ጠበቃው ተነሣ። የተማረውን ቃል በቃል፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ። ቁጣው አለ፣ ኩርፊያው አለ፣ በሩን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ምልክቶቹ በሙሉ ተሟልተዋል፣ ዕድሜው ላይ ብቻ ከመጽሐፉ ትንሽ ይለያል አለ። በኮሌጁ ታሪክ ከፍተኛ ውጤት የሚገባው መልስ ይህ እንደነበረ እመሰክራለሁ። አሮጊቷም በጥሞና አዳምጠው፣ ጥግ ላይ ያለውን የዶክተሩን ጀርባ አሻግረው አይተው፣ አንዲት መስመር ጻፉ።

ዕውቅናው ታደሰልን። በውሳኔው ላይ ገምጋሚዎቹ፣ የክፍሉ ሕያው ናሙና ያለ ልምምድ፣ ከልቡ የሚሠራ በመሆኑ ከተግባር ትምህርቱ እንዳይለይ አሳስበዋል። ዶክተሩ ወረቀቱን በመስታወት አሠርተው ቢሯቸው ሰቅለውታል። ንድፈ ሐሳቤ ጸደቀ ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ልጅቱ ያን ዕለት ትምህርት ቤቷ የደረሰችው ሒሳብ ተጀምሮ ነው። እናቷ ሱሪዬን ሲያስረክቡኝ እንደነገሩኝ፣ መምህሯ በር ላይ አቁሟት፣ ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበርሽ ብሎ ጠየቃት።

«አባቴን ትምህርት ቤት ሳመላልስ ነበር» አለችው።