ለቴምብር የቆሙ ሽማግሌዎች

ቴምብር የሚሰበስብ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ጅማ ብቅ በሉና አባዬን እዩልኝ። ሌላው ሰው አበባና ወፍ ያለበትን ይሰበስባል፤ እሱ ግን ሐውልት ወይም የጦርነት መታሰቢያ ከሌለበት አይነካም። አልበሙን የሚገልጠው ቆሞ ነው። ተቀምጦ የሚያይ እንግዳ ካጋጠመው ደግሞ «ለጀግና ክብር የለህም!» ብሎ ቡና ሳያጠጣ ይሸኘዋል።

አምና ከሰርቦ እኔን ለትዳር ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። የላካቸውን ልጅ እወደዋለሁ፤ ግን ለአባዬ ማን ደፍሮ ይናገራል? መጋረጃ ጀርባ ሆኜ እጸልያለሁ። መቼም ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። አባዬ ግን ይህን ረስቶ አልበሙን ዘረጋላቸው። የአክሱምን ሐውልት አሳየ፤ ቆመዋል። የድል ሐውልቱን አሳየ፤ አሁንም ቆመዋል።

«ኧረ ጉልበቴ አለቀ» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

«ቻለው እንጂ! ገና የጦርነት መታሰቢያዎቹ አሉ» አለው ሌላው።

አልበሙ ሲያልቅ የአባዬ ዓይን እንባ ሞላ።

«ለሐውልት እንዲህ የሚቆም ሰው ዘንድሮ የት ይገኛል! በሉ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ልጅዎን ለልጃችን...»

«ሰጥቻለሁ! አሁን ተቀመጡ!»

ባሌ እስከ ዛሬ በጠባዩ የተመረጠ ይመስለዋል። እኔስ ምን አፍ አለኝና እነግረዋለሁ?